የተሞላ ጥርስ ዕድሜው በዳሩ ይታወቃል

ጥርሱን ያስሞላ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሙሌቱ ነጭ መሆኑን፥ ከአጠገቡ ካሉት ጥርሶች ጋራ በቀለም መመሳሰሉን፥ በምላስም ሲነካ መለስለሱን ይመረምራል። ይህን ሁሉ ካገኘ ገንዘቡ በከንቱ እንዳልወጣ ተረድቶ ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ የሙሌቱን ዕድሜ ከቀለሙና ከልስላሴው ይልቅ የምትወስነው ሙሌቱና ጥርሱ የሚገናኙባት፥ ከጠጉር የቀጠነች መስመር ናት። እርስዋም የሙሌቱ ዳር ናት።

«ሙሌቱ እንዳለ ነው፤ ጥርሱ ግን ከሥሩ በሰበሰ» የሚል ስሞታ በየቤቱ ይሰማል። ይህ ሲሆን ሐኪሙ የፊተኛውን ሙሌት አውጥቶ፥ የበሰበሰውንም ቦርቡሮ በሌላ ይተካዋል። ሁለተኛው ሙሌት ከፊተኛው ይሰፋል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይሰፋል፤ የጥርሱ አካል በየጊዜው እየሳሳ ከነርቩ ይደረሳል፤ በመጨረሻም መንቀል ይመጣል። አንድ ልጅ በስድስት ዓመቱ ገደማ የሚያበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ዕድሜ ልኩን ሊያገለግለው የተሰጠው ነው። ይህ ጥርስ በዐሥር ዓመቱ ቢሞላ፥ ሙሌቱም በየጥቂቱ ዓመት እየተለወጠ ቢሰፋ፥ ልጁ ጎልማሳ ሳይሆን ጥርሱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሙሌቱን ከጥርሱ ጋራ የሚያያይዘው ማጣበቂያ ምን እንደ ሆነ፥ ዳሩንም እንዴት እንደሚዘጋ፥ ሲበላሽም በምን ምክንያት እንደሚበላሽ ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥርስ ከምን እንደ ተሠራ

የጥርስ የላይኛው ልብስ ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚጠነክረው ይህ ሲሆን ከክብደቱ ከመቶው 96 ያህሉ ማዕድን ነው። ነርቭ የለበትም፤ ውሃውም እጅግ ጥቂት ነው።

ከኢናሜሉ ሥር ያለው ዴንቲን ይባላል። የዚህ ከመቶው 70 ያህሉ ማዕድን፥ 20 ያህሉ ኮላጅን የሚባለው ክር የሚበዛበት አካላዊ ነገር፥ 10 ያህሉም ውሃ ነው። በዴንቲን ውስጥ ከመካከል ወደ ውጭ የተዘረጉ፥ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። በአንዲት ካሬ ሚሊሜትር ላይ በዐሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ውስጣቸው ፈሳሽ የመላበት ነው። ከዴንቲኑም ወደ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር የሚገኙበት የጥርሱ እምብርት አለ። እንግዲህ ኢናሜል እንደ ደረቅ ድንጋይ፥ ዴንቲን ግን እንደ ርጥብ መሬት መሆኑን አንባቢ ይያዝልን፤ የነገሩ ሁሉ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

መሙላት አንድ፥ መዝጋት ሌላ

ከመቶ ዓመት በላይ ሐኪሞች ሲሠሩበት የኖሩት ሙሌት አማልጋም ነው፤ ይኸውም ሜርኩሪ ከብር፥ ከቆርቆሮና ከመዳብ ጋራ ተደባልቆ የሚሠራ ነው። አማልጋም ከጥርስ ጋራ አይጣበቅም። ስለዚህ ሐኪሙ ቀዳዳውን እንደ እንስራ አፉን ጠበብ፥ ሆዱን ሰፋ አድርጎ ይቦረቡረዋል፤ ሙሌቱም ከገባ በኋላ መውጫ ስለሚያጣ በዚያው ይቀመጣል። በዚህ ሥራ ደኅናው የጥርስ ክፍል ሳይቀር ይቦረቦራል።

ቀዳዳ ሞላ ማለት ግን ተዘጋ ማለት አይደለም። በ1952 ኔልሰን፥ ወልኮትና ፓፈንባርገር የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የተሞሉ ጥርሶች በበረድ ውሃ ቀዝቅዘው እንደ ገና ሲሞቁ ከሙሌቱ ዳር የፈሳሽ ነጠብጣብ ሲወጣ ተመለከቱ። ምክንያቱም ጥርስና ሙሌት ሲሞቁ የሚሰፉት፥ ሲቀዘቅዙም የሚኮማተሩት በእኩል መጠን ስላልሆነ ነው። አማልጋም ከጥርስ ሁለት ጊዜ ያህል ይሰፋል፤ በዚያን ዘመን ለፊት ጥርሶች ይሠራበት የነበረው አክሪሊክ የተባለው ሙሌት ደግሞ ሰባት ጊዜ ያህል ይሰፋ ነበር። እንግዲህ ትኩስ ቡና የጠጣ ሰው ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጠጣ በሙሌቱ ዳር ያለችው ክፍተት እንደ ወናፍ ትተነፍሳለች፤ ምራቅና የምግብ ጭማቂም ከነጀርሞቹ ይገባል፥ ይወጣል። አንዲት ባክቴሪያ የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያህል ብቻ ስለሆነች እጅግ ቀጭን ክፍተት ይበቃታል።

አማልጋምን ከዚህ የረዳው የገዛ ራሱ ዝገት ነው። ወራት ባለፉ ቁጥር ከብረቱ የሚወጣው ዝገት በዳሩ ያለችውን ክፍተት ቀስ በቀስ ይሞላታል። እንደ ጥርስ ነጭ የሆኑት ሙሌቶች ግን አይዝጉም። ስለዚህ ዳራቸው እንዲዘጋ ከተፈለገ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጥርሱ ጋራ መጣበቅ አለባቸው።

ከቀለም ቀቢዎች የተገኘ ብልሃት

በ1955 በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረ ማይክል ቡኦኖኮር የተባለ የጥርስ ሊቅ አንድ ነገር አስተዋለ። በኢንዱስትሪ ውስጥ ብረት የሚቀቡ ሠራተኞች ቀለሙ አጥብቆ እንዲይዝላቸው አስቀድመው ብረቱን በፎስፎሪክ አሲድ ያጥቡት ነበር። ቡኦኖኮርም ኢናሜልን እንዲሁ ብናደርገውስ ብሎ ጥርስን ከመቶው 85 በሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰኰንድ ቀባ፤ ከዚያም አጥቦ አክሪሊክ ቢያኖርበት ካልታጠበው ጥርስ ይልቅ አጥብቆ ያዘ።

የነገሩ ምሥጢር ይህ ነው። አሲዱ ልስልሱን የኢናሜል ገጽ በላልቶ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ እልፍ ጉድጓዶች ያወጣበታል። ሬዚን የተባለው ሙጫ መሰል ፈሳሽ በነዚህ ጉድጓዶች ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሥር ይሆንና ይይዛል። በአገራችን ግድግዳ የሚመርግ ሰው ጭቃው በልስልስ ነገር ላይ አልይዝ ሲለው ገጹን ፈልፍሎ እንደሚያሻክረው ያለ ነው። ዛሬ ሐኪሞች የሚሠሩበት አሲድ ቀለል ብሎ ከመቶው ከ30 እስከ 40 ሲሆን በኢናሜል ላይ የሚቆየውም ከ15 እስከ 30 ሰኰንድ ነው።

ቀጥሎም ራፋኤል ቦወን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ፥ ከአክሪሊክ ይልቅ የማይኮማተር አዲስ ሬዚን ሠርቶ በ1962 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በዚህ ሬዚን ውስጥ የደቀቀ ብርጭቆ መሰል ነገር ተቀላቅሎበት ዛሬ ኮምፖዚት የምንለው ነጭ ሙሌት ተገኘ።

ጭቃው ሲደርቅ

ኮምፖዚት ሲጠነክር ይኮማተራል። ልኩም እንደ ዓይነቱ ቢለያይ ከይዘቱ ከመቶው ከ2 እስከ 5 ያህል ነው። ይህ ጥቂት ይምሰል እንጂ ለጥርስ ዳር ብዙ ነው። በጭቃ ቤት ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው ምርጊቱ ሲደርቅ ከማገሩና ከምሰሶው ዳር ይላቀቃል፥ መካከሉም ይሰነጠቃል። ባለሙያው ይህን ለመከላከል በጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ ይቀላቅልበታል፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሳያፈስ መጀመሪያ ምርጊቱን፥ እርሱ ሲደርቅ ልስኑን ያደርጋል። በኮምፖዚቱ ውስጥ ያለው የደቀቀ ብርጭቆም እንደ ጭዱ ነው፤ ብርጭቆው በበዛ መጠን የሚኮማተረው ሬዚን ያንሳል። ሐኪሙም አብዛኛውን ጊዜ ሙሌቱን ሁለት ሁለት ሚሊሜትር እያደረገ፥ እያንዳንዱን ንጣፍ በሰማያዊ መብራት እያጠነከረ ይሠራዋል። ባንድ ጊዜ አራት ሚሊሜትር ያህል የሚሞሉባቸው አዳዲስ ኮምፖዚቶችም ተሠርተዋል።

እንግዲህ በዳሩ ላይ ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ። የሚኮማተረው ሙሌት ከግድግዳው ልላቀቅ ይላል፤ ማጣበቂያው አትላቀቅም ብሎ ይይዘዋል። ማጣበቂያው ካሸነፈ ዳሩ ተዘጋ። ሙሌቱ ካሸነፈ ግን ሐኪሙም በሽተኛውም የማያዩት ክፍተት በዚያው ሰዓት ተከፈተ ማለት ነው። በተለይ ቀዳዳው ጥልቅና ከብዙ ወገን በግድግዳ የተከበበ ሲሆን ሙሌቱ ወደ የትም ሊሳብ ስለማይችል ትግሉ ይበረታል።

ርጥቡ ዴንቲን ያስከተለው ችግር

በኢናሜል ላይ የተገኘው ድል በዴንቲን ላይ ወዲያው አልተደገመም። ዴንቲን ርጥብ ነው፤ ሬዚን ደግሞ እንደ ዘይት ውሃን ይሸሻል። ከዚህም በላይ መሰርሰሪያው ካለፈበት በኋላ በዴንቲኑ ፊት ላይ ድቃቂ ጭቅቅት ተለጥፎ ይቀራል። በዚህ ጭቅቅት ላይ የተጣበቀ ሙሌት በአቧራ ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ነው።

በ1979 ጃፓናዊው ፉሳያማ ኢናሜሉንም ዴንቲኑንም ባንድነት በአሲድ ማጠብ እንደሚቻል አሳየ። ብዙዎች ሐኪሞች አሲዱ ነርቩን ይጎዳል ብለው ፈርተው ነበርና ሐሳቡን ለመቀበል ዓመታት ፈጀባቸው። በ1982 ደግሞ ሌላው ጃፓናዊ ናካባያሺ ማጣበቂያው በዴንቲን ላይ እንዴት እንደሚይዝ ገለጠ። አሲዱ ማዕድኑን ሲያጥበው የኮላጅኑ ክሮች እንደ ተባዘተ ጥጥ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ሬዚኑም በክሮቹ መካከል ሰርጎ ሲጠነክር ግማሹ ጥርስ፥ ግማሹ ሬዚን የሆነ ድቅል ንጣፍ ይወለዳል። የዚህ ንጣፍ ውፍረት የሚሊሜትር ጥቂት ሺሕኛ ብቻ ቢሆንም ሙሌቱን የሚይዘው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ዴንቲኑ ታጥቦ በጣም ከደረቀ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይተኛሉ፤ ሬዚኑም መግቢያ ያጣል። በጣም ከራሰ ደግሞ ውሃው የሬዚኑን ቦታ ይይዝበታል። ስለዚህ ሐኪሙ ዴንቲኑ ወዝ ያለው፥ ነገር ግን ውሃ ያልቋረበት እንዲሆን ያደርጋል። ከዚያም ፕራይመር የሚባለውን፥ ውሃንም ሬዚንንም የሚወድ ፈሳሽ ይቀባዋል፤ ቀጥሎም በአየር እየነፋ አልኮሉን ወይም አሴቶኑን ያተንናል። ይህ በሰኰንድ የሚቆጠር ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቢቸኩሉበት ዳሩ ይከፈታል።

የማጣበቂያው ዓይነትና የዳሩ አዘጋግ

ዛሬ በገበያ ያሉት ማጣበቂያዎች ስማቸው ብዙ ቢሆንም አሠራራቸው በሁለት መንገድ ይጠቃለላል።

የመጀመሪያው መንገድ ጥርሱን በፎስፎሪክ አሲድ ቀብቶ፥ በውሃ አጥቦ፥ ከዚያ በኋላ ማጣበቂያውን መቀባት ነው። ኢናሜሉን አጥብቆ በመያዝ የሚበልጠው የለም። ዴንቲኑን ግን ከላይ እንዳልነው በማድረቅና በማርጠብ መካከል ለሚደርስ ስሕተት ያጋልጠዋል።

ሁለተኛው መንገድ አሲዱ በማጣበቂያው ውስጥ ያለበት ነው፤ መታጠብም የለበትም። ይህ በዴንቲን ላይ ይስማማል፤ ሥራውም አጭር ነው፤ ከተሞላ በኋላ የሚሰማው ሕመም ያነሰ እንደ ሆነም ብዙ ሐኪሞች ይናገራሉ። ነገር ግን አሲዱ ቀላል ስለሆነ የኢናሜሉን ገጽ እንደ ፎስፎሪክ አሲድ አይቆፍረውም፤ በዚህም ምክንያት በኢናሜሉ ዳር ላይ ያለው መያዣ ይደክማል። ሁሉም ነገር ባንድ ጠርሙስ ተጠቃልሎ የተሠራው ደግሞ ውሃን ስለሚወድ ከጠነከረ በኋላም ቢሆን ውሃ ያሳልፋል።

ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች ሐኪሞች የሁለቱን መልካም ነገር ያጣምራሉ፤ ይኸውም ኢናሜሉን ዙሪያውን ብቻ በፎስፎሪክ አሲድ ቀብተው ያጥቡና፥ ዴንቲኑን በራሱ አሲድ ላለው ማጣበቂያ ይተዉታል። በቤልጅግ በሉቨን ከተማ እንዲህ ያለውን ማጣበቂያ በበሽተኞች ላይ ለ13 ዓመታት የተከታተሉ ሊቃውንት፥ ውጤቱን በ2015 ሲያወጡ ኢናሜሉ ቢቀባም ባይቀባም አብዛኞቹ ሙሌቶች እንደ ያዙ፥ ኢናሜሉ በአሲድ የተቀባላቸው ግን በዳራቸው የሚታየው ትንንሽ ጉድለትና የቀለም ለውጥ ያነሰ መሆኑን ገልጠዋል።

ማጣበቂያዎች በቤተ ሙከራ የሚፈተኑበት መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው። የተነቀሉ ጥርሶች ይሞሉና ከ5 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ 55 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ብዙ መቶ ጊዜ ይመላለሳሉ። ከዚያም በቀለም ውስጥ ይነከራሉ፥ ለሁለት ይሰነጠቃሉ፤ ቀለሙ በዳሩ ሰርጎ እስከ የት እንደ ደረሰ ይለካል። በነዚህ ፈተናዎች ዘወትር የሚታየው፥ በኢናሜል ላይ ያረፈው ዳር በደንብ እንደሚዘጋ፥ ከድድ በታች ወደ ሥሩ ወርዶ በዴንቲን ላይ ያረፈው ዳር ግን ብዙ ቀለም እንደሚያሳልፍ ነው። ነገር ግን በጠርሙስ ውስጥ ያለ ጥርስ አያኝክም፤ የቀለሙም ቅንጣት ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀለም ባለፈበት ሁሉ ብስባሴ ይከተላል ማለት አይቻልም። በአፍ ውስጥ ለዓመታት የቆየ ሙሌት ከቤተ ሙከራው የበለጠ ምስክር ነው።

ይህም ምስክር ስለ ነጩ ሙሌት ሁሉንም መልካም አይናገርም። ስለ መንጋጋ ጥርሶች በ2014 የወጣ፥ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ምርመራ ኮምፖዚት ከአማልጋም ይልቅ የመበላሸትና በዳሩ እንደ ገና የመበስበስ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አመልክቷል። አማልጋም ደግሞ ሜርኩሪ ስላለበት በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙ እንዲቀነስ ወስኗል፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከጥር ወር 2025 ጀምሮ፥ ሐኪሙ የግድ ካላለ በቀር ከልክለውታል። እንግዲህ በዝገቱ ራሱን የሚዘጋው አሮጌው ሙሌት እየሄደ፥ በማጣበቂያ ብቻ የሚዘጋው አዲሱ እየተተካ ስለሆነ የዳሩ ነገር ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ሊታሰብበት ይገባል።

ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮች

የመጀመሪያው ጠላት ምራቅ ነው። በአሲድ የታጠበ ኢናሜል ጥቂት ሰኰንድ ምራቅ ቢነካው ጉድጓዶቹ ይደፈናሉ፤ ደም ቢነካውም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን በላስቲክ ጨርቅ ከልሎ ወይም በጥጥ ደግፎ የሚሠራው ስለዚህ ነው። ላስቲኩ ለበሽተኛው ቢከብደውም ታግሦ መቀበል ይበጀዋል።

ሁለተኛው በአገራችን በየቤቱ የሚገኘው ቅርንፉድ ነው። ጥርስ ሲያም ቅርንፉድ መንከስ የቆየ ልማድ ነው፤ በውስጡ ያለው ዩጀኖል የተባለው ዘይት ሕመም ያስታግሣልና። ሐኪሞችም ለጊዜው በሚያደርጉት አንዳንድ ሙሌት ውስጥ ይህንኑ ዘይት ያገባሉ። ነገር ግን ዩጀኖል ሬዚን እንዳይጠነክር ያግዳል። ስለዚህ ቅርንፉድ በቀዳዳው ያደረገ ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገረው።

ሦስተኛው ጥርስን የሚያነጣ መድኃኒት ነው። ከማንጣቱ ሥራ የሚቀረው ኦክስጅን ማጣበቂያው እንዳይጠነክር ስለሚያውክ ጥርሱን ያስነጣ ሰው ለመሙላት ሁለት ሳምንት ያህል ቢቆይ ይሻላል።

አራተኛው የስምጥ ሸለቆው ውሃ ነው። በወንጂና በሌሎችም የሸለቆው ቦታዎች፥ በኬንያና በታንዛኒያም ጭምር፥ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ ኢናሜል የላይኛው ገጽ አሲድን ይቋቋማል፤ ስለዚህ በተለመደው ሰኰንድ ላይቆፈር ይችላል። ሐኪሙ ገጹን በጥቂቱ ፍቆ ወይም አሲዱን ረዘም ላለ ጊዜ አቆይቶ ይሠራዋል። በዚያ አገር ያደገ ሰው የትውልድ ቦታውን ለሐኪሙ መንገሩ ጠቃሚ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

አምስተኛው የደከመ መብራት ነው። የመብራቱ ኃይል ቢያንስ ወይም ከጥርሱ ቢርቅ የሙሌቱ ላይ ጠንክሮ ታቹ ለስላሳ ይቀራል። ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይታወቅም።

እነዚህ ሁሉ ባይደርሱም ጊዜ ራሱ ሥራውን ይሠራል። በዴንቲኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሬዚኑን በዓመታት ብዛት ያልመዋል፤ ከዴንቲኑ የሚወጡ ኤንዛይሞችም ያልተሸፈኑትን የኮላጅን ክሮች ይበሉአቸዋል። ስለዚህ ዳሩ በሙሉ በኢናሜል የተከበበ ሙሌት ከዴንቲኑ ዳር ካለው ይልቅ ይቆያል።

ከምሥራቅ አፍሪካ የተነሣ ሌላ መንገድ

ማጣበቂያ፥ መብራትና የአየር መንፊያ በሌለበት ገጠርስ ምን ይደረግ? የዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ የተገኘው በጎረቤታችን በታንዛኒያ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዳሬ ሰላም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ዮ ፍሬንከን የተባሉት የሆላንድ ተወላጅና ባልደረቦቻቸው፥ ያለ መሰርሰሪያና ያለ ኤሌክትሪክ፥ የበሰበሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ ቀዳዳውን በሚጣበቅ ሲሚንቶ መሙላት ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በእንግሊዝ አገር ዊልሰንና ኬንት የሠሩት፥ በ1972 የታወቀው ግላስ አዮኖመር ነው። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አሠራር ለዓለም አስተዋወቀ።

ግላስ አዮኖመር ልዩ ማጣበቂያ አያስፈልገውም፤ ከጥርሱ ካልሲየም ጋራ ራሱ ይያያዛል። ርጥበትንም ከኮምፖዚት ይልቅ ይታገሣል፤ ፍሎራይድም ያመነጫል። ጉድለቱ ብርታቱ ማነሱ ነው፤ ብዙ ማኘክ ባለበት ሰፊ ቀዳዳ ላይ ይሰበራል፥ ይበላልም። ስለዚህ ለልጆች ጥርስ፥ ለትንሽ ቀዳዳና ከድድ አጠገብ ላለ ቦታ መልካም ነው።

ለቤተ ሰብ የምንሰጠው ምክር

በመጀመሪያ፥ ርካሽና ፈጣን ሙሌት ሁልጊዜ ትርፍ እንዳይመስለን። ጥሩ ሙሌት የሚጠይቀው ከሁሉ በላይ ጊዜ ነው። ጥርሱን መከለል፥ መቀባት፥ ማጠብ፥ መንፋት፥ በየንጣፉ ማብራት እያንዳንዱ የየራሱ ደቂቃ አለው። ልጁን ይዞ የሄደ ወላጅ ሐኪሙን ቶሎ ጨርስ እያለ ከሚያጣድፈው፥ የልጁን እጅ ይዞ አፉን ሳይዘጋ እንዲታገሥ ቢያደፋፍረው ሙሌቱን ራሱ እንደ ሠራ ይቆጠርለታል።

ሁለተኛ፥ በሙሌቱ ዳር ቡናማ መስመር ቢታይ ወዲያው ሙሌቱ ይውጣ ማለት አይገባም። ሻይና ቡና፥ ትምባሆም ዳሩን ያጠቁራሉ፤ ይህም ብስባሴ ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገር የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው በሙሌት ዳር ባክቴሪያ በዝቶ የሚገኘው ክፍተቱ ከሚሊሜትር አራት ዐሥረኛ በላይ ሲሰፋ ነው። ብዙ ጊዜም ሁሉን ነቅሎ ከመተካት ይልቅ የተበላሸውን ዳር ብቻ መጠገን ስለሚበቃ፥ ይህ ይቻል እንደ ሆነ ሐኪሙን በትሕትና መጠየቅ መልካም ነው።

ሦስተኛ፥ በአዲስ ሙሌት ላይ ለጥቂት ቀን በቀዝቃዛ ነገር የሚሰማ ሕመም ሊያልፍ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ካልተወ፥ ወይም ሲያኝኩ ቢያም፥ ወይም ምግብ በዳሩ ቢሸጎጥ ወደ ሐኪም መመለስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው፥ ሳያም መታየት ከሁሉ ይበልጣል።

አራተኛ፥ ከሁሉ የተሻለው ማጣበቂያ እንኳ ዳሩን ለዘላለም አይዘጋውም። ዳሩን በየቀኑ የሚጠብቀው መፋቂያ ወይም ቡሩሽ፥ ከነፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናውም ነው። በመንጋጋው ላይና በድዱ አጠገብ ሳይዘልሉ መፋቅ፥ ልጆችን ከረሜላና ስኳር የበዛበት መጠጥ ቀኑን ሙሉ እንዳይለማመዱ መከልከል፥ በዳሩ ላይ የሚራቡትን ጀርሞች ምግባቸውን መንሣት ነው።

ሐኪሙ ማጣበቂያውን በተገቢው ሰኰንድ ከቀባ፥ ባለቤቱም ዳሩን በየማለዳው ከጠረገ፥ ሙሌቱ ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። በዐሥር ዓመቱ የተሞላ ልጅም ያንኑ መንጋጋ ይዞ ለአዛውንትነቱ ሊደርስ ይችላል።